«የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል» ይሉኛል

ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ነው የማነበው፣ ዛሬ ግን ለራሴ ልጽፍልሽ ተነሳሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ወንዱ 4 ዓመት ከ7 ወሩ ነው፣ ሴቷ 8 ወሯ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ አማቴም አብረውን ናቸው፣ እኔ ስራ ስውል ልጆቹን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ስራ መግባት አልችልም ነበር፣ ይሄን ቀድሜ ልናገር።

የልጄ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ሆነው ጫፋቸው እየተሸረፈ ነው፣ ሰሞኑን ደሞ ከኋላ በቀኝ በኩል አንዱ ጥርሱ ላይ ቀዳዳ አየሁ። ዳቦ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው። ማታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቡሩሽ ሳወጣ ይሸሻል፣ አልጋ ስር ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቴ እጁን ይዞልኝ በግድ እቦርሸዋለሁ፣ እሱም እያለቀሰ እኔም እያለቀስኩ እንተኛለን። አሁን ደክሞኝ ትቼዋለሁ።

አማቴ «የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል፣ ልጁን አታስጨንቂው፣ እኛ ኮልጌት ሳናውቅ ነው ያደግነው» ይሉኛል። ዳቦ በሻይ በስኳር እየነከሩ ያበሉታል፣ ካለቀሰ ከረሜላ ይሰጡታል፣ ማታ ደሞ እስካሁን ስኳር የገባበት ወተት በጡጦ እየጠባ ነው የሚተኛው። እምቢ ስል ይከፋቸዋል፣ ባለቤቴ ዝም ይላል። ሌላው ጭንቀቴ፣ እሱም እናቱም ወንጂ ነው ያደጉት፣ የሁለቱም ጥርስ ቡናማ ነው፣ ፍሎራይድ ነው እንደዛ ያደረገው ሲባል ስለሰማሁ ፍሎራይድ የሌለው የልጆች የጥርስ ሳሙና ፈልጌ ነው የምገዛው። ልጄም ያባቱን ወርሶ ይሆን? የስራ ባልደረባዬ ፎቶውን አይታ «ምነው የዚህ ልጅ ጥርስ?» ስትለኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከአማቴ ሳልጣላ ምን ላድርግ? ትንሿስ መቼ ይጀመርላት?

ግራ የገባት እናት፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

ሰው ልጅሽ ላይ ጣቱን ሲጠቁም የሚሰማው ነገር ከባድ ነው፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ስራ ውለሽ ማታ ደሞ ከቡሩሽ ጋር ስትታገዪ ለምትከርሚው። ቸል ያለች እናት ይሄን ደብዳቤ አትጽፍም፣ እሱን ያዢልኝና ወደ ልጁ እንሂድ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አይኔ የሚቆመው ዳቦ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው ያልሽው ላይ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ጥርሴን አመመኝ ብሎ አስተካክሎ አይነግርሽም፣ ህመሙ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ጥርስ ማለት እንዲህ የሚሰማ ነገር ነው ብሎ ሊቀበለውም ይችላል፣ ከዛ ግን ሳያውቀው በአንድ በኩል ማኘክ ይጀምራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይሸሻል፣ ቡሩሽ ሲያይ አልጋ ስር ይገባል። እና እኔ እንደሚመስለኝ ልጅሽ እልኸኛ ስለሆነ አይደለም የሚሸሸው፣ ስለሚያመው ነው። እጁ ተይዞ የሚያመው ቦታ ላይ ሲቦረሽ ከርሞ ቡሩሽ ቢጠላ ምን ይገርማል? አንቺ ይሄን አውቀሽ አላደረግሽውም፣ ማንም አልነገረሽም። ግን ከዚህ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይቀየር፣ የሚያም ጥርስ ላይ ጥሩ ልማድ መትከል በጣም ከባድ ነው፣ ከቡሩሹ በፊት ከህመሙ ጀምሪ።

ስለዚ በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ፈቃድ ጠይቂና የጥርስ ሐኪም ጋ ውሰጅው። ጠዋት ያልኩሽ ህጻን ከሰዓት በኋላ ስለሚደክመውና ትዕግስቱ ስለሚያልቅ ነው። የግል ክሊኒክ ዋጋው ከከበደሽ ሰፈርሽ ያለው ጤና ጣቢያ ሄደሽ የጥርስ ክፍል እንዳላቸው ጠይቂ፣ ከሌላቸው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉሻል። ሐኪሙን ደፍረሽ ጠይቂው፣ ይሄ ጥርስ መሞላት ይችላል ወይ፣ ነርቩ ጋ ደርሶ ከሆነስ ታክሞ መትረፍ ይችላል ወይ፣ የግድ መነቀል ካለበት ደሞ ቦታው እንዳይጠብ ምን ይደረጋል በይው። ብዙ ሰው ጥርስ ሐኪም ማለት ማስነቀያ ስለሚመስለው ሳይጠይቅ አስነቅሎ ይመለሳል። ልጁን ስታዘጋጂው ደሞ «ምንም አያምህም» አትበዪው፣ ትንሽ ካመመው አንቺንም ሐኪሙንም አያምንም፣ «ካስቸገርክ መርፌ ትወጋለህ» የሚባለውንም ከቤታችሁ አውጡት። «ሐኪሟ ጥርሶችህን ትቆጥራለች፣ ያቺን የምታስቸግርህን ታስተካክልልሃለች፣ እኔ አጠገብህ ነኝ» ብትዪው ይበቃል።

ፊቱ ወይ አገጩ ስር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይ ድዱ ላይ መግል የቋጠረች ብጉር የመሰለች ነገር ካየሽ ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትዪ በዛው ቀን ይዘሽው ሂጂ። እስከዛ ካመመው ለኪሎው የሚሆን ፓራሲታሞል ሽሮፕ ስጪው፣ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ቅርንፉድም ነጭ ሽንኩርትም ድዱ ላይ አይደረግ፣ ስስ ስለሆነ ያቃጥለዋል። አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠትም ለጊዜው እብጠት ያጎድል ይሆናል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍነውም፣ ህመሙ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን «ይወድቃል» ወደሚለው ልምጣ። አማትሽ አልዋሹም፣ ይወድቃል። ግን መቼ ነው የሚወድቀው የሚለው ላይ ነው ነገሩ ያለው። የፊቶቹ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ይወልቃሉ፣ የኋላዎቹ የወተት መንጋጋዎች ግን ከ9 ጀምረው እስከ 12 ዓመት ድረስ እዛው ናቸው። ልጅሽ ገና 5 አልሞላውም፣ ስለዚ ያቺ የተቦረቦረችው የኋላ ጥርስ ገና ከአራት ዓመት በላይ ልታኝክለት ይገባታል። ከስሯ ደሞ ቋሚው ጥርስ እየተሰራ ነው፣ ላይ ያለው ኢንፌክሽን ወደ ስር ከወረደ እሱንም ሊያበላሸው ይችላል፣ ያለ ጊዜዋ ከተነቀለች ደሞ ጎረቤቶቿ ወደ ክፍተቱ ይዘማሉ፣ ቋሚው መውጫ ያጣና ጠምሞ ይወጣል። አንድ ብዙ እናቶች የማያውቁት ነገር ልጨምርልሽ፣ 6 ዓመት ሲሆነው ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከሁሉም ጥርሶች ኋላ አዲስ ትልቅ መንጋጋ ይወጣል። እሷ የወተት አይደለችም፣ የእድሜ ልክ ናት። ብዙ ቤት ግን ይሄም የወተት ነው ተብላ በ8 እና በ9 ዓመት ተበልታ ትገኛለች።

የወንጂው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፍርሃትሽ ከእውነት የተነሳ ነው፣ ግን የተሳሳተ ቦታ ወስዶሻል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከመሬት የሚወጣው ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል ሲያልፍ ፍሎራይድ እያሟሟ ይመጣል፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ አካባቢ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በጣም ያለፈ ነው። ባለቤትሽ ህጻን ሆኖ፣ ቋሚ ጥርሶቹ ድዱ ውስጥ ሆነው በሚሰሩበት ጊዜ፣ ማለትም ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ያንን ውሃ ሲጠጣ ነው ያደገው፣ በእሱ ሲበሰል ነው የበላው። ጥርሱ ከድዱ ሲወጣ ጀምሮ ጉዳቱ አብሮት ነበር ማለት ነው። ይሄ በዘር አይተላለፍም፣ አዲስ አበባ የተወለደ ልጁ ሊወርሰው አይችልም።

የልጅሽ ሌላ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የታችኛው የፊት ጥርሶቹ ደህና አይደሉም? ደህና ከሆኑ ታሪኩ እዛው ላይ ተጽፏል። ልጅ ጡጦ ሲጠባ ምላሱ የታችኞቹን ስለሚሸፍናቸው ይተርፋሉ፣ ጣፋጩ ወተት የላይኞቹ ላይ ያድራል። ተኝቶ ደሞ ምራቅ ይቀንሳል፣ ቀን ቀን ጥርስን የሚያጥብልን ምራቅ ነው፣ ሌሊት ግን ስኳሩ ብቻውን ከባክቴሪያው ጋር ይቀራል፣ ባክቴሪያው ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይረዋል፣ አሲዱ ጥርሱን ያለሰልሰዋል፣ ከዛ ጫፉ መሸራረፍ ይጀምራል። የባለቤትሽ ጥርስ መልኩ ተቀየረ እንጂ እንደዚ አይፈረፈርም መሰለኝ፣ እስቲ ሁለቱን አስተያያቸው።

እና የፍሎራይዱን ሳሙና መልሺለት። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ፍሎራይዱ ትንሽ ነው፣ እዚህ የሚያድግ ልጅ ከሳሙናው ካላገኘው ከየት ያገኘዋል? የተለሰለሰ ጥርስን መልሶ የሚያጠነክረው እሱ ነው። ካርቶኑን ገልብጠሽ ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን ነው) ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር እዪ፣ 1000 ወይም ከዛ በላይ መሆን አለበት። ከ3 ዓመት በላይ ስለሆነ የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ፣ ቡሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሙላት አያስፈልግም፣ ማስታወቂያ ላይ የምናየው ለልጅ ብዙ ነው። ቲዩቡን አንቺ ያዢ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚለውን ልጆች ይልሱታል። ከቦረሸ በኋላ ይትፋ፣ አፉን በውሃ አጥቦ አጥቦ አይድፋው፣ ትንሽ ቢቀር ነው ጥሩ። (ይህን የምታነቡ የወንጂ፣ የመተሐራ፣ የዝዋይ ሰዎች ካላችሁ፣ የናንተ ትልቁ ጉዳይ ልጆቻችሁ የሚጠጡት ውሃ ነው፣ ስለሳሙናው እዛው ያለ የጥርስ ሐኪም ብታማክሩ ይሻላል።)

ጡጦውን ዛሬ ማታ ብትነጥቂው ቤቱ ይናወጣል፣ አማትሽም ያዝኑብሻል። በቀስታ ሂጂ፣ መጀመሪያ ስኳሩን በየሁለት ቀኑ ቀንሺ፣ ስኳሩ ሲያልቅ ወተቱን በውሃ እያቀጠንሽ ሂጂ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጡጦው ውስጥ ውሃ ብቻ ይሆናል፣ ያኔ ራሱ ብዙም አይፈልገውም። ወተቱን ግን አትከልክይው፣ ከእራት ጋር በኩባያ ይጠጣ፣ ከዛ ይቦረሽ፣ ከቡሩሽ በኋላ ውሃ ብቻ። ሻይና ከረሜላውንም ሙሉ በሙሉ ከቤት አጠፋለሁ ብለሽ አትነሺ፣ አይሳካም። ማወቅ ያለብሽ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ በቀን ስንት ጊዜ አፉ ውስጥ ገባ የሚለው እንደሚብስ ነው። አንድ ጊዜ ጣፋጭ በቀመሰ ቁጥር ጥርሱ ግማሽ ሰዓት ያህል አሲድ ውስጥ ይቆያል፣ ሻይ ጠዋት ከቁርስ ጋር አንዴ ጠጥቶ ቢጨርስ አንድ ጊዜ ነው፣ እዛች ኩባያ ላይ እየተመላለሰ እስከ ምሳ ሲጠጣ ግን ጠዋቱን ሙሉ ነው። መክሰስ ላይ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ ካሮት በቀጭኑ ተቆርጦ ይሁንለት። ባለሱቁንም ዝርዝር የለኝም ብሎ ለልጁ ከረሜላ እንዳይመልስለት ንገሪው፣ ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ዳቦ ለመግዛት በተላከ ቁጥር አንድ ከረሜላ ማለት ነው።

አማትሽን በተመለከተ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ክፉ ቃል አልጻፍሽባቸውም፣ ይሄ ደስ ብሎኛል። እስቲ በሳቸው ቦታ ሆነሽ አስቢው፣ ቀኑን ሙሉ ሁለት ህጻን ይዘው ይውላሉ፣ ልጅ ሲያለቅስባቸው እጃቸው ላይ ያለው ከረሜላ ነው፣ ማታ አንቺ መጥተሽ ይሄ ለምን ተሰጠው ስትዪ ድካማቸው ሁሉ ጥፋት ሆኖ ይሰማቸዋል። «እኛ ኮልጌት ሳናውቅ ነው ያደግነው» ያሉት ላይ ደሞ እውነት አላቸው፣ ያኔ በየሱቁ ከረሜላ አልነበረም፣ ጠዋት ጠዋት ደሞ መፋቂያ ነበር። አሁንም ይፋቃሉ አይደል? ወይራ ይሁን ክትክታ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሲፍቁ ልጁን ከጎናቸው አስቀምጪው፣ እሳቸው በመፋቂያቸው እሱ በቡሩሹ። «እማማ፣ ጠዋት ጠዋት አብሮዎት ይፋቅ፣ ከኔ ይልቅ እርስዎን ነው የሚሰማው» በያቸው። ቡሩሽ ከሱ ጋር የሚጣሉበት ነገር መሆኑ ቀርቶ የአያቱ ነገር ይሆንለታል፣ እሳቸውም ተከልካይ መሆናቸው ቀርቶ አስተማሪ ይሆናሉ። የጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄዱም ከቻልሽ አብረው ይሂዱ፣ ካንቺ አፍ ሲሰሙት የምራት ጭቅጭቅ የሚመስለው ነገር ከሐኪም ሲሰሙት ሌላ ነው። የጡጦውን ነገር ግን ባለቤትሽ ይንገራቸው። እናቱ ናቸው፣ ከሱ ቢመጣ አይከፋቸውም። ዝም የሚለው መሃል ላይ ሆኖ ግራ ገብቶት ይሆናል፣ ወይ ስለራሱ ጥርስ በልጅነቱ የተባለው ነገር ትዝ ብሎት ይሆናል፣ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ልጆቹ ሲተኙ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡና ጠይቂው።

ህመሙ ከታከመ በኋላ ደሞ የማታውን ቡሩሽ ከ3 ሰዓት አውጪው። በዛ ሰዓት እሱም አንቺም አልቃችኋል። እራት እንደበላ፣ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ገና ጉልበት እያለው ይቦረሽ። መጀመሪያ እሱ ራሱ እንደፈለገ ይቦርሽ፣ ከዛ «አሁን ተራው የኔ» ብለሽ አንቺ ጨርሺለት፣ ምክንያቱም ልጅ እስከ 7 እና 8 ዓመቱ ድረስ እጁ በደንብ አይታዘዝለትም፣ ጨረስኩ ቢልም ኋላ ያሉት አልተነኩም። ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ጭንቅላቱን ጭንሽ ላይ አስተኚው፣ ከላይ ሆነሽ ስታዪው ሁሉም ይታይሻል፣ እሱም መታቀፍ እንጂ መያዝ አይመስለውም። ሁለት ደቂቃ ነው የሚባለው፣ መጀመሪያ ግን በ20 ሰከንድ ጀምሪ፣ እስከ ሃያ ቁጠሩና በቃ፣ አመስግኚው፣ በየሳምንቱ አስረዝሚው። አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል፣ ያን ቀን እጁን አትያዙት፣ የላይኞቹን ብቻ ልቦርሽልህ ብለሽ ተደራደሪና እለፊው፣ ያንድ ቀን መዝለል ከማልቀሱ ይሻላል።

ትንሿ እህቱ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለች ቀን ጀምሮ ነው፣ ለስላሳ ትንሽዬ ቡሩሽና የሩዝ ፍሬ የምታክል ሳሙና፣ ከዛ አይለፍ። ጡጦ ይዛ መተኛት ከናካቴው አታልምዷት። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። በዚህ እድሜ ተቅማጥ ወይ ትኩሳት ከያዛት «ግግ ነው፣ ይውጣላት» የሚል ሰው አይጠፋም። ድዷ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠው ነገር ገና ያልወጣ ጥርሷ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሲቆፈር ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ከስሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሳይቀር ያበላሻል፣ ተቅማጡም አይቆምም። ተቅማጥ ከያዛት ኦአርኤስ እየሰጠሻት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። አማትሽ ይሄን አስበው ባያውቁም ጎረቤት ሊያነሳው ስለሚችል ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

የባልደረባሽ ንግግር እንዳንቺ ልጁም ጆሮ እየገባ ይሆን ብዬ ግን ፈራሁ። ፎቶ ሲነሳ አፉን ይሸፍናል? ኬጂ ውስጥ የሚሉት ነገር አለ? እሱ ባለበት «ጥርሱ ተበላሸ» እየተባለ አይወራ፣ ባለቤትሽም አማትሽም ይሄን ይወቁት። የሚጠይቀው ሰው ካለ «ሐኪም እያየው ነው» በሉ፣ ይበቃል። እሱ ራሱ ከጠየቀሽ ደሞ እነዚህ የፊቶቹ ትንሽ ቆይተው ይወልቃሉ፣ አንተ ጣሪያ ላይ ትወረውራቸዋለህ፣ አዲስ ይወጡልሃል፣ አዲሶቹን ደሞ አብረን እንጠብቃቸዋለን በይው። ሐኪሟ ያለችሽን ጻፊልኝ፣ የምትነቀል አለች ካሉሽም ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።